ኩል፣ ጢስና ውሃ፦ ከእንጦጦ ሸንተረር የዐይን ታሪክ

ስለ እንጦጦ የተጻፈ ታሪክ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከድንኳን ነው። ምኒልክ በ1870ዎቹ ከሸንተረሩ ላይ ሠፈሩ፤ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ብርዱና የማገዶ ዕጦቱ አስመረረ፤ እቴጌ ጣይቱም የፍል ውሃውን ሜዳ ወደዱና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች። እንዲያም ሆኖ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ወደ ላይ ተመልሰው በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ ባሕር ዛፍ መጣ፤ አበቃ።

ይህን ማንም አይክደውም። ግን የሸንተረሩ ታሪክ በዘውድና በድንኳን ካበቃ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጸበል በማለዳ ወጥታ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን እየጠረገች ቁልቁል የምትወርደው ሴት የየትኛው ታሪክ ልትባል ነው? እንጨት ተሸክማ በጎኗ የምታልፈውስ? በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው የዐይንን፣ በተለይም የዐይን ዙሪያን ታሪክ ነው። ሰው በዚያች ቀጭን ቆዳ ላይ ምን ቀባ? ለምን ቀባ? ማን ተጠቀመ፣ ማንስ ታወረ?

«ይሄ የሴቶች ወሬ እንጂ ምኑ ታሪክ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው፤ የሴቶች ወሬ የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ ጸሐፊ ያጣ ታሪክ ነው።

ከቃሉ እንነሣ። ኩል በግዕዝ ኵሕል ነው፤ ዐረቦችም ኩሕል ይሉታል። ይኸው የዐረብኛ ቃል ከነቅጥያው «አል-ኩሕል» ተብሎ ወደ አውሮፓ ተሻገረና መጀመሪያ የላመ ዱቄት፣ ቀጥሎ ተነጥሮ የወጣ ነገር፣ በመጨረሻም የብርቱ መጠጥ መጠሪያ ሆነ። ስለዚህ ቅዳሜ ማታ አልኮል የሚያዝ ተማሪ ሳያውቀው የአያቱን የኩል ቀንድ ስም ይጠራል ማለት ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀው ግን ግሡ ነው። በአማርኛ ለማማርም ተኳለች፣ ለመዳንም ተኳለች እንላለን። ቋንቋው አይለይም። መጽሐፍ ቅዱስን ብንገልጥ በመጽሐፈ ነገሥት ኤልዛቤል ኢዩ ሲመጣባት ዐይኗን ተኩላ በመስኮት ትመለከታለች፤ ሰባኪዎች ሁሉ ይኸን ይዘው ኩልን የኩራትና የማሳሳቻ ምልክት ሲያደርጉት ኖረዋል። በዮሐንስ ራእይ ግን የሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን ታይ ዘንድ ዐይኗን እንድትኳል ትመከራለች። እዚያ ኩል ማሳሳቻ ነው፤ እዚህ መድኃኒት ነው። ሁለቱም በአንድ ቃል ተጽፈዋል። ይህ የቃል መደበላለቅ አይመስለንም። ጥንታዊው ሰው በማማርና በመዳን መካከል ዛሬ እኛ ያቆምነውን አጥር አላቆመም ነበር።

አሁን ራቅ ብለን እንሂድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ግብፅን የገዛችው ሐትሼፕሱት ወደ ፑንት መርከቦች ላከች። ይዘው የተመለሱት ዕቃ በዴር ኤል-ባህሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ በሥዕልና በጽሑፍ ተቀርጿል። ከርቤ አለ፤ ዞጲ አለ፤ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ጦጣ፣ ዝንጀሮ፣ የነብር ቆዳ አለ። በዚያ ዝርዝር መካከል የዐይን ኩልም አለ። ፑንት የት ነበረች የሚለው ክርክር ረጅም ነው። አብዛኞቹ ሊቃውንት ከቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ አካባቢ ያደርጓታል፤ ግብፆች አድርቀው ባኖሯቸው ዝንጀሮዎች ላይ በእኛ ዘመን የተደረገው የላቦራቶሪ ምርመራም ወደ አፍሪካ ቀንድ ይጠቁማል። እንግዲህ ስለ ፑንት በተጻፈ ቁጥር ዕጣኑና ወርቁ ይወራል፤ ኩሉ ግን እምብዛም አይነሣም። ከእኛ አካባቢ ወደ ዓለም ገበያ ከወጡት ሸቀጦች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ለዐይን የሚቀባ ነገር ነበር ብንል አልተጋነነም።

ግብፆች ራሳቸውም ኩል አላጡም። በቀይ ባሕር ዳር ጀበል ዘይት ከሚባለው ስፍራ ጋሌና የተባለውን፣ እርሳስና ድኝ ያለበትን ጥቁር የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ይቆፍሩ ነበር። አረንጓዴውን ደግሞ ከማላካይት ያወጡ ነበር። ወንዱም ሴቱም፣ ንጉሡም ሠራተኛውም ይኳል ነበር፤ ለውበት፣ ለአማልክት፣ ለፀሐይ ነጸብራቅ፣ ለዐይን ሕመም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የተጻፈው፣ ዛሬ የኤበርስ ፓፒረስ የሚባለው የሕክምና መጽሐፍ ብዙ የዐይን መድኃኒት ይዘረዝራል። ወደ ውስጥ የታጠፈ የዐይን ፀጉር ከተነቀለ በኋላ ተመልሶ እንዳይበቅል የሚቀባ ነገር ሳይቀር አለበት። ይህን የፀጉር ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ እንመለስበታለን።

የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ከጥንት የኩል ዕቃዎቹ ውስጥ ያገኘውን ዱቄት ኬሚስቶች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። ከጋሌናው ሌላ በተፈጥሮ እንደዚያ በብዛት የማይገኙ፣ ሰው ሆን ብሎ በብዙ ቀን ሥራ ያዘጋጃቸው የእርሳስ ጨዎች ተገኙ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ እነዚህ ጨዎች በጣም በትንሽ መጠን የቆዳ ሕዋሳትን ሲነኩ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚቀሰቅስ ንጥረ ነገር እንደሚያስመነጩ ተጻፈ። ጋዜጦች ወዲያው «የግብፅ ኩል መድኃኒት ነበር» ብለው ጮኹ። እኛ ያን ያህል አንቸኩልም። በላቦራቶሪ ሣህን ላይ ያለ ሕዋስ ሌላ፣ በየቀኑ ዕድሜ ልኩን እርሳስ የሚቀባ ሰው ሌላ። ይልቅስ ከጥናቱ የምንወስደው፣ የጥንት ሰው የሚቀባውን ነገር በከንቱ ልማድ ሳይሆን እየሞከረና እያሻሻለ ያዘጋጅ እንደነበር ነው።

በእኛ አገር ኩል ሲዘጋጅ የኖረው በቤት ነው። ጥቁሩ ድንጋይ ይደቆሳል፤ እንደ ልማዱ ጥቀርሻ ይጨመርበታል፤ በስስ ጨርቅ ይነፋል፤ ቅቤ የሚነካው አለ። ማኖሪያው ቀንድ ነው፣ ሸምበቆ ነው፣ ላለው ሰው ብር ነው። መኳያው ቀጭን ዘንግ ሲሆን ጫፉ ርሶ ዱቄቱን ያነሣል፤ ዐይን በስሱ ይጨፈንና በቆቦቹ መካከል ይሳባል። ሙሽራ ትኳላለች። በቆላው አገር፣ በአፋርና በሶማሌ፣ በሐረርም፣ ሕፃናትና ወንዶችም ይኳላሉ።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ የሚያስቅ ነገር ሠርቷል። ዛሬ ሱቅ ገብተን የምንገዛውን በዘንግ መልክ የተሠራ መኳያ የኩል እርሳስ እንለዋለን። እርሳስ ያልነው መጻፊያ ስለሚመስል ነው። በትክክል የተሠራው የፋብሪካ ዕቃ ውስጥ እርሳስ የሚባለው ማዕድን መኖር የለበትም። እርሳስ በስሙ ውስጥ የሌለው የጥንቱ ዱቄት ግን ከጋሌና ከተሠራ ራሱ እርሳስ ነው። እርሳስ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ከዐይን በእንባ መውረጃ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ ሕፃን ዐይኑን በእጁ አሽቶ እጁን ይጠባል፤ ማዕድኑ በደምና በአጥንት ውስጥ እየተጠራቀመ የልጁን አእምሮ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በአንድ ሕፃን ደም ውስጥ ከልክ ያለፈ እርሳስ ሲገኝ ሐኪሞች ምንጩን ፈልገው ያገኙት ከናይጄሪያ በመጣ ቲሮ በተባለ ኩል ውስጥ ነበር። ዱቄቱ ሲመረመር ከ80 በመቶ በላይ እርሳስ ሆነ። ቤተሰቡ የቀባው ልጁን ወድዶ፣ ዐይኑ ያምር ብሎ ነው።

«ልኳል ብላ ዐይኗን አጠፋች» የሚለው ተረታችን ይህን የመሰለ ነገር ሳያይ የተነገረ አይመስለንም። ዛሬ ሰው ይኸን ተረት የሚጠቅሰው ለማሳመር ሲሉ ያበላሹትን ሥራ ለመንቀፍ ነው፤ ምሳሌው እንጂ ሴትዮዋ ተረስታለች። ግን እንዲያው ቃል በቃል ብንወስደውስ? በኩል ዐይኗ የጠፋ ሴት ነበረች ወይ?

ነበረች ለማለት የሚያስደፍረን ከዱቄቱ ይልቅ ዘንጉ ነው። የኩል ቀንድ የአንድ ሰው ዕቃ ሆኖ አያውቅም። እናት ተኩላ ለልጇ ትሰጣለች፤ በሠርግ ቤት ሙሽራዋም ሚዜዎቿም ጎረቤቷም በዚያው ዘንግ ይኳላሉ። ፍቅር ነው፤ ነውሩ መንፈግ ነው። ሆኖም ከመካከላቸው አንዷ ትራኮማ ካለባት ዘንጉ ከዐይን ወደ ዐይን ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው። በእርግጥ ዋናው መተላለፊያ ይህ አይደለም። የእናት ነጠላ፣ የልጅ እጅ፣ በአንድ አልጋ ተቃቅፎ መተኛት፣ በልጅ ዐይን አር ላይ የምታርፈው ዝንብ፣ እነዚህ ይበልጣሉ። ግን የጋራ መኳያ ከዝርዝሩ አይወጣም።

ትራኮማ እንዴት እንደሚያሳውር ብዙ ሰው አያውቅም። በአንድ ሌሊት አይደለም። ባክቴሪያው በሕፃንነት ይገባል፤ ዐይን ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ይሽራል፤ እንደገና ይገባል። በዓመታት ብዛት የቆቡ የውስጥ ሽፋን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ የዐይን ፀጉሩም ይቀለበሳል። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ዐይኗን በጨፈነች በገለጠች ቁጥር፣ በቀን በሺዎች ጊዜ፣ የገዛ ፀጉሯ ብሌኗን ይፍቃል። ብሌኑ ነጭ ይሆናል። የውበት መለኪያ ሆኖ የኖረው፣ ኩል የሚጎላለት ሽፋሽፍት ራሱ ቢላዋ ሆነ ማለት ነው።

በ1998 ዓ.ም. ገደማ የተካሄደው ብሔራዊ የዐይን ጥናት እንዳሳየው ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑት የአገሪቱ ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው፤ በአማራ ክልል ከ60 በመቶ በላይ። ፀጉራቸው ከተቀለበሰባቸው ዐዋቂዎች መካከል ሴቶቹ በንጽጽር ከወንዶቹ ከሁለት እጥፍ በላይ ነበሩ። ለምን ሴቶች? ተፈጥሯቸው ደካማ ስለሆነ አይደለም። ሕፃን የሚታቀፈው በእነሱ ክንድ ነው፤ የሕፃኑን ዐይን የሚጠርገው የእነሱ ነጠላ ነው፤ በዚያው ነጠላ ላባቸውንም ይጠርጋሉ። ጢሱ ደግሞ አለ።

ወደ ሸንተረራችን የሚመልሰን ይኸው ጢስ ነው። እንጦጦ ላይ ኩል የበዓል ነገር ነው፤ ጢስ ግን የየዕለት ነው። በ1880ዎቹ የመጣው ባሕር ዛፍ ከተማዋን ከመነቀል አዳናት ይባላል፤ እውነት ነው፣ ማገዶ አልቆ ቢሆን ኖሮ መናገሻው እንደገና በተነሣ ነበር። ግን ያ ባሕር ዛፍ ወደ ከተማ የወረደው በማን ጀርባ ነው? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ አዲስ አበባ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያሳተመው ጥናት ነገሩን ለዓለም አሰማ፤ ለእኛ ግን አዲስ አልነበረም። ከስድስት ኪሎ ወጥቶ በሽሮ ሜዳ ሽቅብ የተመለከተ ተማሪ ሁሉ አይቷቸዋል፤ ከ30 ኪሎ በላይ ቅጠልና ጭራሮ አጎንብሰው ተሸክመው፣ ፊታቸው ከመሬት ሊገጥም ምንም ሳይቀረው፣ ቁልቁል የሚሮጡትን። እጃቸው ገመዱን ስለያዘ ላቡ ዐይናቸው ውስጥ ሲገባ መጥረጊያ እጅ የላቸውም። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ደግሞ ከሸጡት የተረፈውን ርጥብ ቅጠል አንድደው፣ መስኮት በሌለው ጓዳ ጢሱን ይታጠኑታል።

በዚህ ላይ ከፍታው አለ። የሸንተረሩ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትርን ያልፋል። በእያንዳንዱ 1000 ሜትር ቆዳና ዐይን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። ብርዱ ያደርቃል፤ ነፋሱ አቧራ ይበትናል። የዐይን ቆብ ቆዳ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው፤ ከሥሩ ስብ የለውም ማለት ይቻላል። ከሰውነት ሁሉ ፈጥኖ የሚጨማደደውና የሚያብጠው እሱ ነው። የ30 ዓመት እንጨት ተሸካሚ ዐይኗ ዙሪያ የ50 ዓመት ሴት የምትመስለው በዚህ ነው። ሰው «አርጅታለች» ይላል፤ ሥራዋ ነው ያስረጃት።

ባላገሩ ለዐይን ሕመም ያደረገውንም ሳናነሣ አናልፍም። ቅንድብና ቆብ በምላጭ መብጣት በብዙ አገር የነበረ ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ቅንድብ አጠገብ የሚታየው ጠባሳ የዚያ ምስክር ነው። መጥፎው ደም ይውጣ ተብሎ ነበር፤ የወጣው ደም ብቻ ነው። ይህ ጎጂ ልማድ ነው፤ ስለ ባህል ክብር ብለን አናስተባብልም። በሌላ በኩል ግን የተቀለበሰውን ፀጉር በወረንጦ መንቀል አለ። እናት ለሴት ልጇ፣ ልጅ ለእናቷ፣ ደጅ ላይ በፀሐይ ተቀምጠው። ይህ እዚያ የኤበርስ ፓፒረስ ላይ ያየነው ሥራ ነው፤ 3500 ዓመት ሆኖታል። ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ የኋላ ቀር ሥራ አድርገው ያዩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ በአማራ ክልል በ1300 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ጥቂት ፀጉር ብቻ የተቀለበሰባቸውን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በቀዶ ሕክምና፣ ግማሹን ጥሩ ወረንጦ ሰጥቶና አነቃቀሉን አስተምሮ ተከታተላቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ቀዶ ሕክምናው ፀጉሩን በመመለስ በለጠ፤ በማየት ኃይልና በብሌን ጠባሳ ግን በሁለቱ ወገን መካከል የጎላ ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና እስኪደርሳት ወይም እስክትፈቅድ ድረስ ወረንጦዋን የያዘችው ሴት ሞኝ አልነበረችም።

ጸበሉስ? በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት በዓል፣ መንገዱ ሰው አያስተላልፍም። በአዘቦቱም ቢሆን ጸበልተኛው ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ገጠር ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ ትራኮማ እንደ ገጠሩ አይደለም፤ ጸበሉ ግን ገጠሩን ከነሕመሙ ወደ ሸንተረሩ ያመጣዋል። ከሚመጡት ውስጥ ዐይናቸውን ጨርቅ የሸፈኑ፣ በልጅ እጅ የሚመሩ አሉ። ስለ ተአምር መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። እንደ ታሪክ ተማሪ ግን አንድ ነገር እናስተውላለን። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት፣ እንስራው ለወጥና ለመጠጥ ብቻ በሚቆጠብበት አገር፣ ፊትን በየማለዳው በሚወርድ ንጹሕ ውሃ መታጠብ ግዴታ የሆነበት ስፍራ ጸበል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በትራኮማ ላይ ካቆማቸው አራት ምሰሶዎች አንዱ ፊት መታጠብ ነው፤ ሌሎቹ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒትና የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል «ማልትራ» እየተባለ በተካሄዱት ሳምንታት አዚትሮማይሲን ለሚሊዮኖች ታድሏል፤ በብዙ ወረዳ በሽታው ቀንሷል። ውሃ በሌለበት ግን ይመለሳል። ይኸው እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ከየትኛውም አገር የበለጠ ትራኮማ ያለው በእኛ አገር መሆኑ የክኒን ማነስ ብቻ አይደለም።

የሚያሳዝነው ጸበልና ሐኪም ቤት እንደ ጠላት መታየታቸው ነው። ከሸንተረሩ ግርጌ እ.ኤ.አ. በ1910 የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ፤ የዐይን ክፍሉ የዩኒቨርሲቲያችን የዐይን ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ነው። ከጸበሉ እስከዚያ የግማሽ ቀን መንገድ አይሆንም። እንዲያም ሆኖ ዐይኗ በፀጉር እየተፋቀ ወራት ጸበል የምትጠመቅ፣ ሐኪም ቤት መሄድ እምነት ማጉደል የሚመስላት ሴት አለች። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጊዜ እዚሁ እንጦጦ ላይ ተነሥቶ ነበር፤ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በግልጽ ተናገሩና ብዙ ሰው ዳነ። ለዐይን ግን እንዲህ ያለ ቃል ጎልቶ ሲነገር አልሰማንም። ዐይን የማይገድል ሕመም ስለሆነ ይሆን?

ወደ ከተማው ስንወርድ ነገሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይቀርም። የፋብሪካ ዕቃ ንጹሕ ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ እ.ኤ.አ. የ1933ቱን ላሽ ሉር ያስታውስ። በአሜሪካ ሽፋሽፍት ማጥቆሪያ ተብሎ በነጻነት ይሸጥ የነበረ ቀለም ነው። ሴቶችን አሳወረ፤ የሞተችም አለች። የዚያን ጊዜው ሕግ መድኃኒትን እንጂ መዋቢያን አይቆጣጠርም ነበርና መንግሥት ዕቃውን ከገበያ ማንሣት አልቻለም። ሕጉ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ አምስት ዓመት ፈጀ። ወይም ከቅርቡ እንጥቀስ። የዓለም መንግሥታት ባዜቃን ለመከልከል እ.ኤ.አ. በ2013 በሚናማታ ስም ስምምነት ሲያደርጉ ከመዋቢያዎች ሁሉ የዐይን ዙሪያ መዋቢያን ለይተው አስቀሩት፤ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ሌላ አስተማማኝ ነገር ካልተገኘ ባዜቃው ይቆይ ተባለ። ከሰው ቆዳ ሁሉ ቀጭኑ ለመርዙ ተተወ ማለት ነው። ይህ ቀዳዳ እንዲደፈን የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2023 ጉባኤ ነው።

በእኛም ገበያ ኩል በሸማ መሸጫው አጠገብ በብልቃጥ ይሸጣል፤ ስለ ይዘቱ የተጻፈ ነገር የለውም። ማንጫ ክሬሙ ደግሞ ይብሳል። ከዐይን ሥር የጠቆረውን ለማስለቀቅ ተብሎ የሚቀባው ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ አለበት። ለሳምንት ያምራል። ሲሰነብት ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ወደ ዐይን ዘልቆ የዐይንን የውስጥ ግፊት ሊጨምርና ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ጥቁረቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ሕመም አይደለም፤ ከቤተሰብ የወረሱት ነው፣ ወይም ከፈተና በፊት ያልተኛንበት ሌሊት ነው። ሌሊቱን በክሬም ለመመለስ መሞከራችን ለዐይን ዙሪያችን ያለንን አስተያየት ይናገራል፤ እንደ ግድግዳ እንለስነዋለን።

መኝታ ክፍሎቻችን ውስጥ ያለውን ነገር እንናገር ካልንም ያው የሠርግ ቤቱ ነው። አንድ የኩል እርሳስ ለስድስት፤ አንድ ማስካራ ከመስከረም እስከ ሰኔ። «እሷ ንጹሕ ናት» እየተባለ። መንፈግ ዛሬም ነውር ነው። ይህን ደግነት መንቀፍ አንፈልግም። ምስርም ሽሮም እንካፈላለን፣ ብርድ ልብስም እንካፈላለን። መኳያ ግን ለየብቻ ይሁን። የኩል እርሳስ ሲቀረጽ አዲስ ጫፍ ያወጣልና ከዱቄት ይሻላል፤ ማስካራ ከተከፈተ ከሦስት ወር በላይ አይቆይ፤ ሲደርቅ ምራቅ ወይም ውሃ አይጨመርበት። የተከፈተበትን ቀን በብዕር ብልቃጡ ላይ መጻፍ ነው። የዐይን ዙሪያ ክሬም መግዛት የፈለገች ሽታ የሌለውን፣ የያዘው ነገር ተዘርዝሮ የተጻፈበትን ትምረጥ፤ መጀመሪያ ክርኗ ውስጥ ቀብታ ጥቂት ቀን ትጠብቅ፤ ከአጥንቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ አትለፍ። ገንዘብ ከሌለ ቫዝሊንና ሰፊ ጥላ ያለው ባርኔጣ ከብዙው ውድ ክሬም ያላነሰ ይሠራሉ። ማታ ሳይታጠቡ መተኛት የለም።

ለሕፃን ደግሞ ምንም ዓይነት ዱቄት አይቀባ፤ አያት ብትቆጣም። አያትን በክርክር ማሸነፍ ከባድ ስለሆነ፣ ኩሉን ከውጭ በኩል ቅንድቡ ላይ ነካ ታድርግ የሚል መካከለኛ መንገድ የሚያቀርቡ አሉ። የልጁ እጅ እዚያም ይደርሳል።

ዐይን ቀልቶ፣ አር አውጥቶ፣ ብርሃን ጠልቶ ከሆነ ኩሉም ክሬሙም ይቁም። የዘመድ ጠብታ አይበደር፤ በተለይ ስሙ ያልታወቀ ጠብታ። ወደ ዐይን ክፍል የሚሄድ ሰው የቀባውን ብልቃጥ፣ ዱቄትም ቢሆን በወረቀት ጠቅልሎ፣ ይዞ ይሂድ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደ ቀባ ነው።